የወለተ ኪዳን መዘውር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እናቴ ይህችን ተረት ከአባታችን ሆይ ቀጥላ ነው ያስጠናችኝ ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ ባለፈው ጥር አምሃ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «ሥርጉት፣ የሽልማቱን ታሪክ አንቺ ብትጽፊልን» ሲለኝ ፊቱን ትቼ እጁን አየሁ። ሰው ሲዋሽ እጁ ያሳብቅበታል። የሱ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር። በል እንግዲህ፣ አልኩ በሆዴ።

አምሃን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰላም ብዬው አላውቅም። ሰፈራችን አንድ ነው፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን። ዕድራችንም አንድ ነው። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እሱ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠ እኔ ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «ሆድ ይፍጀው» ብዬ አልፋለሁ። እዚህ ግን አልደብቅም። በ1979 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን ሽልማቴን ሰርቆኛል። ቢያንስ እንደዚያ ብዬ ነው የኖርኩት።

እና ሌባ መጥቶ የሌብነቴን ታሪክ ጻፊልኝ ይላል? ወይ የማውቀውን ሊሰልል ነው፣ ወይ ደግሞ የሥርጉት ስም ከሥሩ ካለበት ማንም ጥያቄ አያነሳም ብሎ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። «እሺ፣ እጽፋለሁ» አልኩት። ደነገጠ መሰለኝ። እኔ ደግሞ እሺ ያልኩት አርባኛ ዓመቱ ሲከበር የሚታደለው መጽሔት ላይ ጉዱን በጥቁር ቀለም ላሳትምለት ነበር። ማስረጃ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ሽልማቱ የሠረቀብርሃን የሒሳብና የመካኒክስ ሽልማት ይባላል። ያቋቋሙት ጋሽ ሠረቀብርሃን የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሰፈራችን ትምህርት ቤት እየመጡ በነጻ ያስተምሩን ጀመር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማም ሰው ነበሩ። ብርድ ራሳቸውን ስለሚያማቸው በጋ ከክረምት ነጭ ሻሽ ይጠመጥማሉ። ብብታቸው ሥር ደብተር፣ እጃቸው ላይ የቀያሽ ዘንግ አይጠፋም። «ዳገት መውጣት የማይችል ሒሳብ ምን ያደርግልኛል?» ይሉ ነበር። ስለዚህ የውድድሩ ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከሰፈር ነው የሚወጣው። በመጀመሪያው ዓመት፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የተበጠሰበት የጭነት መኪና ምን ያህል ሄዶ እንደሚቆም ነበር። በሁለተኛው፣ አንድ ከባድ ደወል በሁለት ሰው ጉልበት ብቻ እንዴት ከፍ ብሎ እንደሚሰቀል። በሦስተኛው፣ በኛ ዓመት፣ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች ጉዳይ ሆነ። ሴቶቹ ወገባቸው እየጎበጠ የሚያወርዱት እንጨት በራሱ ክብደት ይውረድ ብትሉ፣ ገመዱ ምን ያህል መቻል አለበት፣ ፍሬኑስ የት ይገጠም?

አሸናፊው ከነሳጥኑ የነሐስ ኮምፓስ ይሰጠዋል። ከዚያ በላይ ግን ጋሽ ሠረቀብርሃን ራሳቸው የሚጽፉለት የምስክር ደብዳቤ አለ። ያኔ ያ ደብዳቤ የውጭ ትምህርት ያስገኛል ይባል ነበር፣ ለአምሃም አስገኝቶለታል።

አሁን ደንቡን ልብ በሉ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ጋሽ ሠረቀብርሃን በዳኛ አያምኑም። «እዚህ ሰፈር ዘመድ ያልሆነ አበልጅ ነው፣ አበልጅ ያልሆነ የማኅበር ወንድም ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ተወዳዳሪው ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው የክርስትና ስሙን ብቻ ነው። እሱን ከወላጅና ከንስሐ አባት በቀር ማን ያውቃል? መተት እንዳያሠሩበት ሰው የሚደብቀው ስም ነው። ሙስሊሞቹ በሴት አያታቸው ስም ይገቡ ነበር። ከማለዲን የሚባል ልጅ በ1984 ሲያሸንፍ አያትየው ራሳቸው ምስክር ሆነው መጥተው፣ ኮምፓሱን እኔ ካልያዝኩ ብለው ሰው አስቀዋል። ያሸነፈው ስም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ባለቤቱ በሰባት ቀን ውስጥ ስሙን የሚያውቅ ምስክር ይዞ ይቀርባል። ካልቀረበ ሽልማቱ ለሁለተኛው ያልፋል፣ የበሩም ወረቀት ይነሳል።

እኔ መልሴን ሦስት ሳምንት ሠራሁት። ከላይ አንድ ትልቅ መዘውር፣ ከታች ሌላ፣ መሃላቸው ዞሮ የሚመጣ ገመድ። የሚወርደው ጭነት ባዶውን ቅርጫት ወደ ላይ ይስበዋል፣ ፍሬኑ የላይኛው መዘውር ላይ ነው። ወረቀቱን ጨርሼ ስሜን፣ ወለተ ኪዳን ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ትኩሳት ጣለኝ። ታይፎይድ ነበር። ፖስታውን በሊጥ ለጥፌ፣ ጎረቤት ሆኖ ሊጠይቀኝ በመስኮት ብቅ ላለው ለአምሃ ሰጠሁት። «አስገባልኝ» አልኩት። ከዚያ ወር ሙሉ ራሴን አላውቅም። ስነሳ አምሃ አሸንፏል አሉኝ። የኔ ወረቀት የት ደረሰ ብዬ አልጠየቅኩም። ምን ያስጠይቃል? ወረቀቱን ለማን ሰጠሁት? ለሱ። ማን አሸነፈ? እሱ። ይህ ደግሞ ሒሳብ ነው? እሱ ውጭ ሄዶ መሐንዲስ ሆኖ ተመለሰ፣ የሽልማቱም ሰብሳቢ ሆነ። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ይኸው እስከ ዛሬ ጠመኔ እበላለሁ። አንገብግቦኛል፣ ለምን እዋሻለሁ።

ጋሽ ሠረቀብርሃን ካረፉ በኋላ ወረቀቶቻቸው ልጃቸው እትዬ ሰገነት ዘንድ ናቸው። ቤታቸው እንጦጦ ላይ ከራጉኤል ወረድ ብሎ ነው። መጽሔቱ ሰኞ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሐሙስ ዕለት ወጣሁ። ሚኒባሱ ካወረደኝ በኋላ ያለውን ዳገት በእግሬ ነው የጨረስኩት። ባህር ዛፉ መሃል እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች አለፉኝ። እንግዲህ መዘውሩን ማንም አልሠራውም።

እትዬ ሰገነት ስልሳ አምስት ያለፋቸው፣ ነገር የማይቸኩላቸው ሴት ናቸው። ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡልኝና በረንዳው ላይ አስቀመጡልኝ። «ሁሉም እዚህ አለ፣ አባባ አንዲት ወረቀት አይጥልም ነበር» አሉኝ።

የ1979ን አቃፊ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ወረቀት ስገልጥ የራሴ ጽሕፈት አፈጠጠብኝ። መዘውሬ፣ ገመዴ፣ ሀ ለ ሐ መ ብዬ ያስቀመጥኳቸው ነጥቦች ሁሉ አሉ። ጥጉ ላይ በጋሽ ሠረቀብርሃን ቀይ ቀለም «አንደኛ» ይላል። አንደኛ! ግን ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ውሃ ጠጥቷል። ቀለሙ ፈስሷል፣ ስሜ የነበረበት ቦታ ላይ የሚነበበው «ወለተ ኪ» ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። ስሜን አጥቦታል! አሸናፊነቴን አይቶ፣ የሚያጠፋው ቢያጣ በውሃ አጥቦታል። ስልኬን አነሳሁ። የአምሃ ቁጥር አልነበረኝም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ካለው የመጽሔቱ ረቂቅ ማስታወቂያ ላይ አይቼ ደወልኩ። «እትዬ ሰገነት ቤት ነኝ። ወረቀቱን አግኝቼዋለሁ። ወንድ ከሆንክ ና» አልኩት።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪናውን አስነስቶ መጣ። ሰላምታ ሊሰጥ ሲል ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ደቀንኩት።

«ይህን ታውቀዋለህ?»

ተቀብሎ አየው። መነጽሩን አደረገና እንደገና አየው። «የአንደኛዋ ወረቀት ነው» አለ።

«የአንደኛዋ! ደግሞ አታፍርም። የኔ ነው፣ አምሃ። በመስኮት የሰጠሁህ ነው። ስሜን በውሃ ያጠብከው አንተ ነህ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የኔን እንጀራ በላህ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲሉ ሰምተህ አታውቅም?»

ይጮሃል፣ ይክዳል ብዬ ነበር። እሱ ግን የበረንዳው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ስምሽ ወለተ ኪዳን ነው?» አለኝ።

«አዎ!»

«እውነት በይኝ።»

«አይኔን ግንባር ያድርገው።»

«እኔኮ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ፖስታሽን እንደለጠፍሽው ነው ያስገባሁት። ጋሽ ሠረቀብርሃን ሽልማቱ ላንተ ነው ያሉኝ በስምንተኛው ቀን ነው፤ አንደኛዋ ሴት ናት፣ ስሟን ጠርተን አጣናት አሉኝ። ሥርጉት ትሆን እንዴ ብላቸው፣ ቤቷ ሄጃለሁ፣ እናቷ አይደለችም ብለዋል አሉኝ። አንቺን እንዳልጠይቅሽ ከተነሳሽ ጀምሮ ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ። የሰው ሽልማት ይዤ እንደኖርኩ አውቃለሁ። የማን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት። ታሪኩን ጻፊ ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ አንቺ ነገር ሳትበረብሪ አትተዪም።»

አላመንኩትም። አፉ ማር ነው አልኩ። ግን «ቤቷ ሄጃለሁ» የሚለው ነገር ከነከነኝ። ያኔ እትዬ ሰገነት፣ ጭቅጭቃችንን እንደ ዝናብ ድምፅ ሲሰሙት የቆዩት፣ ሳጥኑ ውስጥ እጃቸውን ሰደው አንድ ጠባብ ደብተር አወጡ። «የአባባ የዕለት ማስታወሻ ነው፤ እስቲ ሰኔን ፈልጉ» አሉን።

አምሃ ደብተሩን ለኔ ሰጠኝ። ራሴ አነበብኩት፣ ጮክ ብዬ።

«ሰኔ 19። አምስት ቀን ሆነ፣ ወለተ ኪዳን አልመጣችም። ስሙ የሴት ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሦስት ልጃገረዶች አሉ። ሥዕሉን ይዤ ቤታቸው ልሂድ፣ ብልሃት ያለበት ሥራ ነው፣ ባለቤቱ መቅረት የለበትም።

«ሰኔ 20። ሁለቱ አይደለንም አሉ። ሦስተኛው ቤት ልጅቱ ታማለች። እናትየው በር ላይ አስቆመችኝ። ወለተ ኪዳን የሚባል እዚህ አለ ወይ ብዬ ሥዕሉን አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ። የልጄ ስም ወለተ ሥላሴ ነው አለች። ከዚያ ከቤት ጠርሙስ አምጥታ እኔንም ወረቀቱንም ጠበል ረጨችን። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ምናልባት ልጇ በመታመሟ ተጨንቃ ይሆናል። እግዚአብሔር ይማርላት።»

ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ ለጋሽ ሠረቀብርሃን አልገባቸውም፣ ለኔ ግን ወዲያው ነው የገባኝ። እናቴን አውቃታለሁ። በሷ ቤት ልጇ ከክፍሏ በሒሳብ አንደኛ በመሆኗ የሰፈር ዓይን በልቷት አልጋ ላይ ወድቃለች። ይህ በሆነበት ሰሞን አንድ የማታውቀው፣ ጢማም፣ ራሱን የጠመጠመ፣ ዘንግ የያዘ ሰው መጥቶ የተደበቀውን የክርስትና ስሟን ይጠራል። በእጁ ያለው ወረቀት ላይ ያ ስም ተጽፏል፣ ከሥሩ ክብ አለ፣ ክቡ ውስጥ መስቀለኛ መስመር አለ፣ ዙሪያውን ሀ ለ ሐ መ። መዘውር ነው ብላ እንዴት ታውቃለች? ለሷ ጠልሰም ነው። መተተኛ ደብተራ ልጇን ሊገድል በሯ ላይ ቆሟል። በካደችው፣ በረጨችውም አልፈርድባትም። እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር?

አምሃ ገብቶታል። አልሳቀም። እኔም ይቅርታ አላልኩትም። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ደንቡ አሁንም ደንብ ነው፤ ቦርዱ እንዲያስተካክለው ምስክር ያስፈልጋል። የንስሐ አባታችሁ አርፈዋል። እናትሽ አሉ። አንድ ጊዜ ስምሽን ይናገሩ፣ እኔ ሰብሳቢ ሆኜ እፈርማለሁ። መጽሔቱ ላይ በስምሽ ይወጣል። ኮምፓሱንም በበዓሉ ዕለት በሕዝብ ፊት አስረክብሻለሁ። ቤቴ ነው ያለው፣ አንድ ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም።»

ፈለግኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት የፈለግኩትን ነገር አልፈልግም ብል ማን ያምነኛል? ተማሪዎቼ ፊት ስሜ ሲጠራ፣ እሱ ከወንበሩ ተነስቶ ሳጥኑን ሲሰጠኝ አየሁት። አንዲት ቃል ከእናቴ አፍ ብትወጣ ይበቃል። «እንሂድ» አልኩት። እትዬ ሰገነት ወረቀቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡን።

መኪናው ውስጥ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። እናቴ ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው። ስሙን ከተናገረች ለምን እንደተጠየቀች ትጠይቃለች። እኔ ደግሞ እነግራታለሁ። ነግሬያት የሆነውን ከሰማች በኋላ እንዴት አድርጋ ትተኛለች? ይህን እያሰብኩ ነው የደረስነው።

እናቴ፣ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ ከበሩ አጠገብ አልጋዋ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጥላና ቅርጽ ነው የምታየው። አምሃ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«እንዴት ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማነህ ልጄ?»

«የሥርጉት የትምህርት ቤት ጓደኛ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ለሽልማት ጉዳይ ነው» አለና ጨርቁን ፈቶ ወረቀቱን ዘረጋው። እንዳይዘረጋው ልለው ነበር፣ አልደረስኩበትም። «የሥርጉት የክርስትና ስም ማን ነው?»

የእናቴ እጅ መቁጠሪያው ላይ ቆመ። አንገቷን ዘርግታ ወረቀቱን አየችው፣ ክቡን፣ መስመሩን። ከዚያ በጋቢዋ ሥር እጄን ፈልጋ ያዘችኝ፣ ጥብቅ አድርጋ።

«ወለተ ሥላሴ» አለች፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

አምሃ አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«እርግጠኛ ነዎት እማማ?»

«የወለድኳት እኔ፣ ክርስትና ያስነሳኋት እኔ፣ ደግሞ እርግጠኛ ነሽ ይለኛል?» ተቆጣች። «ስማ ልጄ፣ ከዚህ በፊትም አንዱ ጠምጣሚ እንደዚሁ ወረቀት ይዞ መጥቶብኝ ነበር። ልጄ ለሞት ስታጣጥር ነው። ስሟን ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ጽፎ ይዞታል። በጠበል አባረርኩት። በማግስቱ ትኩሳቷ ለቀቃት። ያን ቀን ባልነቃ ኖሮ ዛሬ ልጅ የለኝም ነበር። እሷም ብትሆን ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር፣ እንዳትፈራ ብዬ ነግሬያት አላውቅም።»

እጄን እንደያዘች ነው። ኩራቷ ጣቶቿ ውስጥ ይሰማኛል። «እማዬ፣ እውነቱን ተናገሪ» ብል ትናገር ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አምሃ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

«ሰምተሃል፣ ወለተ ሥላሴ ነኝ» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ጠርጎም አልመለሰውም። «ታዲያ መጽሔቱ ላይ ምን ትጽፊያለሽ?» አለኝ፣ እናቴ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«ያገኘሁትን» አልኩት እኔም በሹክሹክታ። «የሦስተኛው ዓመት አንደኛ ወለተ ኪዳን የተባለች ልጅ ናት። ስሟ ተጠርቶ ምስክር አልቀረበላትም። ሽልማቱ በደንቡ መሠረት ለሁለተኛው ለአምሃ ተሰጠ። እሱ አልሰረቀም።» የመጨረሻዋን ስናገር ድምፄ ተሰበረ። «ይህችኛዋን አጉልቼ ነው የምጽፋት።»

ወረቀቱን ጨርቁ ውስጥ መልሶ ጠቀለለው። እናቴን ተሰናብቶ፣ ጉልበቷን ስሞ ወጣ። እስከ በሩ ሸኘሁት፣ እዚያ እጄን ዘረጋሁለት። በሁለት እጁ ነው የጨበጠኝ።

ስመለስ እናቴ አንገቷን ወደ በሩ አዙራ ትጠብቀኛለች።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ማነው እሱ? ስምሽን ምን ያደርግለታል? ተጠንቀቂው ልጄ፣ ደህና ሰው አይመስለኝም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ጋቢዋን አስተካከልኩላት።

«ደህና ሰው ነው፣ እማዬ» አልኳት።